የተሰነጠቀው ቅስት፦ የኪምቤል ሙዚየም እንዴት እንደ ተሠራ

ስለ ታላቅ ሕንፃ ሲወራ የተለመደ አተራረክ አለ። አርክቴክቱ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መስመሩን ማስፈጸም ይሆናል። መሐንዲሱ ያሰላል፣ አናጢው ይቸነክራል፣ ግንበኛው ያቆማል፤ ሕንፃውም ልክ እንደ ተሣለው ሆኖ ይወጣል። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በፎርት ወርዝ ከተማ ያለው የኪምቤል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታሪክም በዚህ መልክ ለመነገር የተመቸ ነው፤ አርክቴክቱ ሉዊስ ካን በከሰል ቅስት ሣለ፣ የቅስቱን አናት ሰንጥቆ ብርሃን አስገባበት፣ አበቃ። መዝገቡን ገልጦ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ቅስት የሚባል ነገር አልነበረም። ቅስቱ የመጣው በኋላ፣ አሠሪው እምቢ እያለ፣ ረዳቱ መጽሐፍ እያገላበጠ፣ መሐንዲሱ ስሌቱን እየለወጠ ነው።

ይህን ማለት የሚቻለው ወረቀቶቹ ስለ ተረፉ ነው። ካን በመጋቢት 1974 ከሕንድ ሲመለስ ኒው ዮርክ በሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሞተ። ቢሮው ከባድ ዕዳ ነበረበት። የፔንሲልቬኒያ ግዛት ንድፎቹንና ሰነዶቹን ገዝቶ በፊላደልፊያ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጡ አደረገ፤ ለገበያ ወጥተው ቢበተኑ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ያንኑ የተለመደውን ተረት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአርክቴክቱ ሳይሆን ከአሠሪዎቹ ነው። ኬይ ኪምቤል በእህል፣ በምግብ፣ በነዳጅና በኢንሹራንስ ሥራ የበለጸገ የፎርት ወርዝ ነጋዴ ነበር። እሱና ባለቤቱ ቬልማ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥዕል መግዛት ጀመሩ፤ በ1936 ደግሞ የኪምቤል የሥነ ጥበብ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ኬይ በ1964 ሲሞት ሀብቱን ለፋውንዴሽኑ ተናዘዘ፤ ኑዛዜው በከተማው አንደኛ ደረጃ ሙዚየም እንዲሠራበት ነበር። ቬልማም የራሷን ድርሻ ሳትውል ሳታድር ጨመረችበት። በዚህ ሁኔታ ፋውንዴሽኑ ገንዘቡም ዓላማውም ተሟልቶለት ቆመ፤ የጎደለው ሥራውን የሚመራ ሰው ነበር።

በ1965 ሪቻርድ ብራውን ዳይሬክተር ሆኖ ተቀጠረ። ብራውን የመጣው ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። እዚያ ሳለ አዲሱን ሕንፃ ሚስ ቫን ደር ሮኸ እንዲነድፈው ፈልጎ ነበር፤ ቦርዱ ግን ዊልያም ፔሬይራን መረጠ። ሙዚየም የሚመራ ሰው ስለ ሙዚየሙ ሕንፃ ቃሉ ካልተሰማ ምን እንደሚደርስበት ያወቀው በዚያ ነው ማለት ይቻላል። ፎርት ወርዝ ሲመጣ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር፣ ገና አርክቴክት ሳይቀጠር፣ የሚፈልገውን በጽሑፍ ማስፈር ነበር።

ሰነዱ የተጻፈው በሰኔ 1966 ነው። የሕንፃውን ታሪክ የሚያጠና ሰው በዚህ ሰነድ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የካን ብቻ ተደርጎ የሚታየው ነገር ግማሹ እዚህ አለ። ብራውን የተፈጥሮ ብርሃን ለሥዕሎቹ ዋና ድርሻ ይኑረው አለ። ጎብኚው አልፎ አልፎ ቅጠል፣ ሰማይ፣ ውሃ ይይ፤ የአየሩ መለዋወጥ፣ የፀሐይዋ መዘዋወር፣ የወቅቶቹ መፈራረቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥዕሉንም ተመልካቹንም ይንካ አለ። ሕንፃው የሰው ልክ ይኑረው፤ በግዝፈቱ ሰውን አያስደንግጥ አለ። ይህን መጠየቅ ድፍረት ነበር። የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይ በውስጡ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ቀለምን ያደበዝዛል፣ ወረቀትን ያበላሻል ተብሎ ስለሚፈራ፣ በዘመኑ የነበሩ ብዙ አዳዲስ ሙዚየሞች መስኮታቸውን ዘግተው በኤሌክትሪክ መብራት ይሠሩ ነበር። የቴክሳስ ፀሐይ ደግሞ ከሁሉም የከፋች ናት። የኪምቤል ብርሃን እንግዲህ በመስመር ከመሣሉ በፊት በቃል ተጽፎ ነበር።

በጥቅምት 1966 ካን ሥራውን ተረከበ። ዕድሜው 65 ነበር። የተወለደው በዚያን ጊዜ የሩሲያ ግዛት በነበረችው በኢስቶኒያ ነው። ሕፃን ሳለ ፍም ፊቱን አቃጥሎት ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። በፊላደልፊያ በድህነት ሲያድግ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ እየመታ ቤተሰቡን ይደጉም ነበር። በ1924 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢመረቅም ስሙ በዓለም የተሰማው ሃምሳ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ንድፍ ገና ከወጣትነቱ ያስብ ነበር። በ1931 ስለ ንድፍ ጥቅምና ግብ አንድ ጽሑፍ አሳትሟል፤ በዚያም ነዳፊ ለሚያየው ነገር ባሪያ መሆን የለበትም ሲል ተከራክሯል። በ1950 እና 1951 ሮም በሚገኘው የአሜሪካ አካዳሚ ሲቆይ፣ ግሪክንና ግብፅንም ሲዞር፣ በደማቅ ፓስቴል ቀለም ብዙ ሥዕል ሠራ። ካን በሮም ፍርስራሾች ላይ ያየው እብነ በረዱ የተገፈፈውን፣ ጡቡና አርማታው ራቁቱን የቆመውን ቅስት ነበር። ይህ ምስል ከአእምሮው አልወጣም። ካን ከልስን በታች ያለውን ነገር ያየ ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሠራቸው ሕንፃዎች ሁሉ ልስን ጠላ።

ቦታው 9.5 ኤከር፣ ማለትም ወደ 3.8 ሄክታር የሚሆን የከተማ መናፈሻ ነው። ከወደ ላይ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ ፊሊፕ ጆንሰን የነደፈውና በ1961 የተከፈተው የኤመን ካርተር ሙዚየም አለ። ከዚያ ሙዚየም በረንዳ የከተማው መካከል ይታያል፤ ይህ እይታ እንዳይዘጋ አዲሱ ሕንፃ ከ40 ጫማ፣ ከ12 ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወደ ላይ መሄድ ስላልተቻለ የቀረው ወደ ጎን መዘርጋት ነበር።

በ1967 ጸደይ ካን ያቀረበው ሐሳብ የተዘረጋ ነበር፤ እያንዳንዱ ጎኑ 450 ጫማ፣ 137 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን። ጣሪያው ረድፍ በረድፍ የተደረደረ ሲሆን እያንዳንዱ ረድፍ እንደ ታጠፈ ወረቀት ሹል ማዕዘን ነበረው። በእያንዳንዱ እጥፋት አናት ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ክፍተት አለ። ከክፍተቱ ሥር የገባውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚመልስ ነገር ተሥሏል። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ሕንፃ ሳይለወጥ የዘለቀው ይህ ብቻ ነው፤ ከላይ የሚገባ፣ በመንገዱ ላይ የሚመታ፣ ተሰብሮ የሚወርድ ብርሃን። ሌላው ሁሉ፣ የወለሉ ስፋት፣ የጣሪያው ጎባጣ፣ የምሰሶዎቹ ብዛት፣ አንድ በአንድ ተለውጧል።

ብራውን ንድፉን ሲያይ ብርሃኑን ወደደ፤ ስፋቱንና ከፍታውን ግን አልወደደም። ክርክሩን ያቀረበው በአንዲት ሴት አስመስሎ ነው። ከአቢሊን፣ ከቴክሳስ ገጠር ከተማ፣ የመጣች አንዲት ባልቴት በዚህ ግዙፍ ጣሪያ ሥር ቆማ አንዲት ትንሽ የጥንት ጣሊያናዊ ሥዕል ስታይ ምን ይሰማታል? ይህ ጥያቄ ለእኔ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ብራውን ስለ ጣሪያ አላወራም፤ ስለ ሰው አወራ። የኪምቤል ስብስብ በአብዛኛው በሰው ክንድ የሚለኩ ሥዕሎች ያሉበት ነውና ሕንፃው ለእነሱ እንዲሰፋ ሳይሆን ለእነሱ እንዲያንስ ጠየቀ።

ካን ሹሉን እጥፋት ወደ ክብ ለወጠው። ክቡ ግን የባሰ ችግር አመጣ። ግማሽ ክብ የሆነ ቅስት ከፍታው የወርዱ እኩሌታ ነው፤ 7 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ላይ ቢደፋ ቅስቱ ብቻውን 3.5 ሜትር ይወጣል። ዝቅ እንዲል ክቡን ቢቆርጡት ደግሞ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ተሰብሮ ይታያል። መፍትሔውን ያገኘው በካን ቢሮ የፕሮጀክቱ ኃላፊ የነበረው ማርሻል ማየርስ ነው። ማየርስ በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ተናገረው፣ ጀርመናዊው ፍሬድ አንገረር ስለ ስስ የጣሪያ ቅርፊቶች የጻፈውን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሳይክሎይድ የሚባለውን ጎባጣ አገኘ።

ሳይክሎይድ ምን እንደሆነ ለመረዳት የጋሪ ጎማ ማሰብ ይበቃል። በጎማው ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ በጠመኔ ምልክት አድርገን ጎማውን በግድግዳ ጥግ ብናንከባልለው፣ ነጥቡ ከመሬት ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጎማው አንድ ዙር ሲጨርስ ተመልሶ መሬት ይነካል። በግድግዳው ላይ የሚቀረው የጠመኔ መንገድ ሳይክሎይድ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ጋሊልዮ ነው። ይህ ጎባጣ ሁለት ጠባይ አለው። ከመሬት ሲነሣ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ወደ አናቱ ሲደርስ ግን ይለጠጣል። ደግሞም ዝቅተኛ ነው። 7 ሜትር ወርድ ላይ ቢደፋ ከፍታው በስሌት 2.2 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከግማሽ ክቡ ከአንድ ሜትር በላይ ያንሳል። የአቢሊኗ ባልቴት በዚህ ስሌት ተረታች ሳይሆን ረታች። የተሠሩት ቅስቶች ከወለል እስከ አናት 20 ጫማ፣ 6 ሜትር ገደማ ናቸው።

የወለሉ ዝርዝር የዚያን ያህል አያቆየንም። ብራውን ቀንሱ ማለቱን አልተወም፤ ካንም እየቀነሰ ሄደ። በ1968 አራት ማዕዘኑ ወደ ኤች ፊደል ቅርጽ ተለወጠ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ዛሬ የምናየው የሲ ፊደል ቅርጽ ሆነ፤ ርዝመቱም ወደ 97 ሜትር ወረደ። አሥራ ስድስት ቅስቶች በሦስት ክፍል፣ ስድስት፣ አራት፣ ስድስት ሆነው ጎን ለጎን ተኙ። እያንዳንዱ ቅስት 100 ጫማ ርዝመትና 23 ጫማ ወርድ አለው፤ ማለትም 30.5 በ7 ሜትር። በቅስትና በቅስት መካከል ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የአየር ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚሄደው በዚያ ነው። ካን በሥራዎቹ ሁሉ አገልጋይ ክፍልንና ተገልጋይ ክፍልን ይለያል፤ እዚህም ሥዕሉ ያለበት ክፍል በቅስት ሥር፣ ቧንቧው ያለበት በመካከሉ ሆነ።

አሁን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ መጣ። ቅስት የሚቆመው አናቱ ስለተያያዘ ነው። ከሮም ዘመን ጀምሮ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ግራና ቀኙ ተጋፍተው በአናቱ ድንጋይ ይደገፋሉ፤ ከሥርም ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ ወፍራም ግድግዳ ይይዛቸዋል። ካን ሁለቱንም ነፈገው። አናቱን 2.5 ጫማ፣ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ባዶ አደረገው። ከሥሩም ግድግዳውን አንሥቶ በአራት ማዕዘን ላይ በአራት ምሰሶ ብቻ እንዲቆም ፈለገ። በቅስት ሕግ ይህ ጣሪያ ይወድቃል።

የካን የቅርብ አጋር ኦገስት ኮመንዳንት የተጠራው ይህን ለመፍታት ነው። ኮመንዳንትም እንደ ካን በኢስቶኒያ የተወለደ መሐንዲስ ሲሆን ከካን ጋር ስለ ሠራባቸው 18 ዓመታት በ1975 መጽሐፍ አሳትሟል። በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ እሱ እስኪደርስ ድረስ የአካባቢው መሐንዲሶች ቅስቱን ትተው ወደ ጠፍጣፋ ሶሌታ ሊሄዱ ነበር። ኮመንዳንት እንደ ማስታወሻ ጸሐፊ ሁሉ ራሱን ከመካከል ያቆማል፤ ስለዚህ የቃላት ልውውጡን ሁሉ እንዳለ መቀበል አያስፈልግም። መፍትሔው ግን የሱ ለመሆኑ ሕንፃው ራሱ ይመሰክራል። ኮመንዳንት ቅስቱን እንደ ቅስት ማየቱን ተወ። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ 30 ሜትር የሚሻገር፣ ጎባጣ የሆነ ረጅም ቢም አድርጎ አሰላው። በስሱ አርማታ ውስጥ፣ ከፌሮው ሌላ፣ እንደ ተንጠለጠለ ሐረግ ወደ ታች የሚለመጡ የብረት ገመዶች ቀበረ፤ አርማታው ከጠነከረ በኋላ ገመዶቹ በኃይል ተወጠሩና ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ያዙት። በስንጥቁ በኩል በየ10 ጫማው አጭር የአርማታ ድልድይ ሁለቱን ወገን ያገናኛል። ሁለቱን ጫፎች ደግሞ ወፈር ባለ ደጋን አጠነከራቸው። ዓይን ቅስት ያያል፤ ክብደቱ የሚሄደው ግን በቢም መንገድ ነው።

ወደ አንዱ የሥዕል ክፍል ጫፍ ጠጋ ብሎ ቀና ያለ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ያየዋል። የጫፉ ግድግዳ በጎባጣው ልክ ተቆርጦ በትራቨርቲን ድንጋይ ተሸፍኗል። ከግድግዳው በላይ የአርማታው ደጋን አለ። ሁለቱ ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው ቀጭን የመስታወት መስመር ጎባጣውን ተከትሎ ይሄዳል። መስመሩ ወጥ ስፋት የለውም፤ ምክንያቱም የኮመንዳንት ደጋን ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ካን ያንን ልዩነት ሊደብቀው፣ ደጋኑን ሊያስተካክለው ይችል ነበር። አላደረገም። መሐንዲሱ ያመጣውን ውፍረት በብርሃን አሠመረበት። ግድግዳው ምንም እንደማይሸከም፣ ጣሪያው ከሌላ ቦታ እንደ ተያዘ፣ ስለ ግንባታ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚያ መስመር ይረዳል።

የብርሃኑ ጉዳይ እስከዚህ ድረስ አላለቀም ነበር። በ76 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ የሚገባ የቴክሳስ ፀሐይ በቀጥታ ቢወርድ ሥዕሎቹን ያጠፋል። የብርሃን ባለሙያው ሪቻርድ ኬሊ እንደ ተዘረጋ የወፍ ክንፍ ያለ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ከስንጥቁ ሥር አንጠለጠለ። ብርሃኑ ቆርቆሮውን ይመታና ወደ ላይ ይመለሳል፤ በጎባጣው አርማታ ላይ ይፈሳል፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የክንፉ ጎባጣ በኮምፒዩተር ተሰላ፤ ለዚህም ሳይክሎይድ በሒሳብ ቀመር የሚገለጽ ቅርጽ መሆኑ ጠቀመ። ሥዕል በሌለባቸው ክፍሎች ቆርቆሮው በሙሉ የተበሳሳ ነው፤ በሥዕል ክፍሎቹ ግን ከስንጥቁ ልክ ሥር ያለው ክፍል ሳይበሳ ቀርቷል። ካን ይህን ብርሃን በብር መሰለው። መሰለው ስል ለጌጥ አይደለም፤ ግራጫው አርማታ ብርሃኑን ሲቀበል በእርግጥ ወደ ብርነት ይጠጋል። ደመና ሲያልፍ ክፍሉ ይደበዝዛል፤ ደመናው ሲገፈፍ ይፈካል። ብራውን በ1966 በቃል የጠየቀው ይህንን ነበር።

እንግዲህ አርማታው ብርሃን ተሸካሚ ሆኗልና ገጹ መበላሸት አልነበረበትም። ካን ልስን ስለማይፈቅድ ከእንጨቱ ቅርጽ የወጣው ገጽ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ማረሚያ የለውም። ግንባታው በ1969 በጋ ተጀመረ። የቅስቶቹ ቅርጽ የወጣው በማጠፊያ በሚከፈትና በሚዘጋ የኮምፔንሳቶ ቅርጽ ነው፤ አንዱ ቅስት ከጠነከረ በኋላ ቅርጹ ታጥፎ ይወጣና ለሚቀጥለው ይዛወራል። ቅስቶቹ መንትያ የሆኑት ለዚህ ነው። የአርማታው ቀለም ከድንጋዩ ጋር እንዲስማማ የሙከራ ሥራ እየተሠራ ተመረጠ። አርማታ አንድ ጊዜ ሲፈስ የሆነውን ይሆናል፤ ጥላው፣ የውሃው መንገድ፣ የሳንቃው መገጣጠሚያ በላዩ ይቀራል። ካን እነዚህን እንደ ነውር አላያቸውም፤ ጌጥ የሚጀምረው ከመገጣጠሚያ ነው የሚል እምነት ነበረው።

ድንጋዩ ከጣሊያን፣ ከሮም አጠገብ ካለችው ከቲቮሊ የመጣ ትራቨርቲን ነው። ኮሎሲየምም የተሠራው ከቲቮሊ ድንጋይ ነው። ትራቨርቲን ፍል ውሃ ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ ሲሆን ሲቆረጥ ቀዳዳና ስንጥቅ ይወጣበታል። ብዙ ሠራተኞች ቀዳዳውን ሞልተው ያለሰልሱታል፤ ካን እንዳለ ተወው። አርማታና ትራቨርቲን አብረው የሚሄዱት ሁለቱም ገጻቸው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሥራ ክፍፍሉ ግን ግልጽ ነው፤ የሚሸከመው አርማታ ነው፣ የሚሞላው ድንጋይ ነው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ትራቨርቲን ያለበት ቦታ ሁሉ ክብደት የሌለበት ቦታ ነው። ጎብኚ ሕንፃውን በዚህ ቁልፍ ሊያነበው ይችላል።

ከውጭ ቅስቶቹ በእርሳስ ማዕድን ንጣፍ ተሸፍነዋል። የሥዕል ክፍሎቹ ወለል ነጭ ኦክ እንጨት ነው። ስለ ብረቱ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ካን የብረቱ ገጽ እንዳያብረቀርቅ ፈለገ፤ ስለዚህ የማይዝገው ብረት በኃይል በሚረጭ የፒካን ቅርፊት ዱቄት ተመታ። ፒካን የቴክሳስ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ሰው ይበላዋል፣ ቅርፊቱ ይጣላል። ያ የተጣለ ቅርፊት ተፈጭቶ የብረቱን ብልጭታ አለዘበው። የሚያብረቀርቅ የደረጃ መያዣ በዚያ ብርማ ብርሃን ውስጥ እንደ ጩኸት ይሆን ነበር።

ሕንፃው በጥቅምት 4 ቀን 1972 ተከፈተ። በምዕራብ በኩል፣ በመናፈሻው ፊት፣ ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ ክፍት ቅስት ይዘዋል፤ ግድግዳ የለውም፣ ሥዕል የለበትም፣ ማንም አይሠራበትም። ካን በእነዚህ በረንዳዎች ይኮራ ነበር፤ ሰው ገና ከመግባቱ በፊት ሕንፃው እንዴት እንደ ተሠራ ያይበታል ብሎ። ለቬልማ ኪምቤል በሰኔ 1969 በጻፈው ደብዳቤ ወደ ሕንፃው የሚያስገባውን የዛፍና የውሃ መንገድ ገልጾላታል። በመናፈሻው አቋርጦ፣ በውሃው አጠገብ፣ በዛፎቹ ሥር አልፎ መግባት፣ ዋናው በር ይህ ነበር።

ሰው ግን በዚያ አልገባም። መኪናውን በምሥራቅ ያቆማል፤ ስለዚህ ከሥር፣ ከታችኛው ደርብ፣ ከጀርባ ይገባል። የአገሪቱን ኑሮ ላየ ሰው ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነበር፤ ካን የሰውን እግር አስቦ መኪናውን ረሳ። በዚህ በጣም የማደንቀው ሕንፃ ውስጥ ጉድለት የምለው ይህ ብቻ ነው፤ ጉድለቱም ለአርባ ዓመት ዘለቀ። በ1989 ሙዚየሙ ሮማልዶ ጁርጎላን ቀጥሮ የካንን ቅስቶች በግራና በቀኝ ለመቀጠል አሰበ፤ ከአርክቴክቶችና ከካን ቤተሰብ ከባድ ተቃውሞ ስለ ተነሣ በማግስቱ ዓመት ተተወ። ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው ሁለተኛ ሕንፃ የተከፈተው በኅዳር 2013 ነው። ፒያኖ የካንን ሕንፃ አልነካውም። በምዕራብ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ ራቅ አድርጎ ሠራ፤ የመኪና ማቆሚያውንም ከመሬት በታች አዋለው። ከዚያ የሚወጣ ጎብኚ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ሦስቱን ክፍት ቅስቶች ነው።

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። የሙዚየሙን ቋሚ ስብስብ ለማየት ክፍያ የለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በምዕራቡ በር ግቡ፤ ሥዕሎቹን ከማየታችሁ በፊት ጥቂት ቀና በሉ፤ ከተቻለ ደግሞ ሰማዩ ደመናማ በሆነ ቀን ሂዱ።